አንድ ያደረግኋቸው ሁለት መዝገቦች

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም፤ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ከፊታቸው ተንበርክኬ ስለ ሐሜቴ፣ ስለ መጠጤ፣ ስለዚህ ስለማያርፍ ምላሴ ስናዘዝ ቆይቼ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። አንድ ጊዜ ልሞክር አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ሁለት የነበረውን አንድ አደረግሁ» ብላቸው፣ የዋህ ናቸውና የተጣላ ሰው ያስታረቅሁ መስሏቸው «እሰይ ልጄ፣ ተባረክ» ይሉኛል። ምርቃቱን ፈርቼ ዝም አልሁ። እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፣ መስቀል ባትይዙም ስሙኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ከዚህ በታች ያሉትን ስሞች ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ያቺን ሴት አንድ ጊዜ አጋልጫታለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ከተሞቹ ግን እውነተኛ ናቸው፣ እንጅባራና ዳንግላ። እኔም እውነተኛ ነኝ፤ ምን ያደርጋል!

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓደኛዬ ፈንታሁን ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርሁ። ፈንታሁን እንጅባራ ውስጥ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። ደግ ነው፣ እጁ አይሰስትም፤ ቁጣው ግን እንደ ደረቅ ቀርከሃ ቶሎ ይያያዛል። ሙሽራዋን ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለ ገጠር ነው ያመጣናት። አንጓች ትባላለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች።

በእኛ አገር ሚዜ ማለት ከረባት አስሮ ከሙሽራው ጎን የሚቆም ብቻ አይደለም። ሙሽራዋ እናት አባቷን ትታ የማታውቀው ቤት ስትገባ ወንድም ሆኖ የሚገባላት ሚዜው ነው። ባሏ ቢበድላት፣ አማቷ ብትከፋባት፣ አቤት የምትለው ለእሱ ነው። እኔም በሽማግሌዎች ፊት «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት» ብዬ ምያለሁ። ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ጠጅ ቀምሼ ስለነበር ከሁሉም ሚዜዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማልሁት።

በማግስቱ አማቷ ስም አወጡላት። ምራት በአባቷ ቤት ስሟ አትጠራም፤ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፣ ከዚያ ወዲያ ባልም ጎረቤትም በዚያ ስም ነው የሚያውቃት። እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአገውኛ መርቀው መርቀው ሲያበቁ ጉንጯን ሳሟትና «ብርቅነሽ ብያታለሁ» አሉ። እልል ተባለ። ከዚያች ዕለት ወዲህ እንጅባራ ላይ አንጓች የምትባል ሴት የለችም፤ ብርቅነሽ ናት። ሁለቱንም ስሞች የምናውቅ የሁለቱ ቤተ ዘመድና እኛ ሚዜዎቹ ነን። ከእኛ መካከል ኮምፒውተር የሚነካ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እኔ ተምሬ ጨርሼ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ በመረጃ ባለሙያነት ተቀጠርሁ። ፕሮጀክቱ ዛሬ የለም፤ ስሙም አያስፈልግም። ሥራዬ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን መዝገብ ከየከተማው ሰብስቦ እንጅባራ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በአንድ ዳታቤዝ ማኖር ነበር። መድኃኒት የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ ቅጂ አለው። ኔትወርክ ሲኖር ቅጂዎቹ ይነጋገራሉ፤ ዳንግላ ላይ የተጻፈው እንጅባራ ላይ ይታያል፣ እንጅባራ ላይ የታረመው ዳንግላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሰውነቴ ውርር አለኝ። የዳንግላዋ ነርስ በስልክ «አሁን አንዲት ፊደል ላርም ነው፣ ተመልከት» አለችኝ። ተመለከትሁ። ያቺ ፊደል ዓይኔ እያየ ተለወጠች። ማንም አልነካትም! ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ስንት ዳገት፣ ስንት ማሳ፣ ስንት ገበያተኛ አለ፤ ያ ሁሉ እንደሌለ ሆኖ የእሷ እጅ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ከመገረሜ ብዛት አማተብሁ። ትስቁብኝ ይሆናል፤ ሳቁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ነገር ሳስበው ይደንቀኛል። በየቦታው የተበተኑ መሣሪያዎች አንድ ነገር አውቀው አንድ ቃል የሚናገሩበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆምሁ ያህል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ፣ መቼስ የእኛን አገር ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፣ ቅጂዎቹ ተለያይተው ይሰነብታሉ። ዳንግላ የራሱን ያምናል፣ እንጅባራ የራሱን። አንዱ ሰው እዚህ ሞቷል ተብሎ ተጽፎ፣ እዚያ ማክሰኞ መጥቶ መድኃኒቱን ወስዷል። ይህን የመረጃ መጣረስ እንለዋለን። ኔትወርኩ ሲመለስ ቅጂዎቹ ይተያያሉ፣ የተስማሙበትን ይዘው ያልተስማሙበትን ለእኔ ያቀርባሉ። እኔ ዳኛ ነኝ። የትኛው ይጽና? የትኛው ይሻር? እኔ የፈረድሁት በሁሉም ቦታ ይጸናል፣ ይግባኝ የለውም። ሥልጣኑን ሳገኝ እግዚአብሔርን ፈራሁ ብል እዋሻለሁ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ሥራዬንም እወደው ነበር፤ ይህንን ካልተናገርሁ ኑዛዜዬ ሙሉ አይሆንም። አንድ ሽማግሌ በሁለት ከተማ በሁለት ዕድሜ ተጽፈው አግኝቼ፣ ስልክ ደውዬ፣ ጠይቄ፣ አስተካክዬ፣ በዚያ ምክንያት የተሳሳተ መድኃኒት ከመውሰድ ድነዋል። የሚጣረስ መረጃ ሰው ይገድላል። ይህንን አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ። ግን ከጊዜ በኋላ እኔ የምጠላው መጣረሱን እንጂ የሚያመጣውን ጉዳት አልነበረም። ያልተስማማ መስመር ሳይ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይሰማኝ ጀመር።

ከባሕር ዳር ኃላፊዎች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ዳታቤዙን ያያሉ፤ የሚጣረስ ነገር ካልተገኘበት ለሌላው ቦታ ሁሉ አርአያ እንሆናለን። እኔ ሰነፍ አይደለሁም። መስመር በመስመር እያየሁ ሁሉንም አስተካከልሁና በመጨረሻ አንዲት ነገር ቀረችኝ።

እንጅባራ ላይ ብርቅነሽ የምትባል ሴት አለች። ነፍሰ ጡር ሆና ለክትትል መጥታ፣ አድራሻዋንና የባሏን ስልክ አስመዝግባ፣ ደሟ ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኘባት። ተነገራት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። መዝገቧ «ጠፍታለች» ይላል። ዳንግላ ላይ ደግሞ አንጓች የምትባል ሴት አለች። የአባቷ ስም ያው፣ የአያቷ ስም ያው፣ ዕድሜዋ ያው። ስልክ የላትም፣ የቤቷ አድራሻ ባዶ ነው፤ ቀጠሮዋን ግን አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም። ፕሮግራሙ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ጠየቀኝ። የትም አገር ያለ ባለሙያ ቢያያቸው መንታ እህትማማች ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። እንዲያውም ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ስም ከተለያየና ማስረጃ ከሌለ አታገናኝ ይላል።

ማስረጃ ግን እኔ ጋ ነበር። እኔ ሠርጓ ላይ ነበርሁ። እማማ ጉንጯን ስመው ስም ሲያወጡላት አጠገባቸው ቆሜ እልል ካሉት ሴቶች ጋር አጨብጭቤያለሁ።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ላይ አወቅሁ። እህቴ ብዬ የማልሁላት ሴት ታማለች። ሁለቱ መዝገቦችም አንድ ሰው ናቸው። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ቀድሞ ልቤን የሞላው ሁለተኛው ነው። አገኘሁት! አልሁ። ማሽኑ ያላወቀውን እኔ አወቅሁ! አልሁ። ወንበሬ ላይ ተደግፌ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ያለውን መድኃኒት ትታ ለምን ዳንግላ ድረስ ትሄዳለች? ለምን ማንም በማይጠራት ስም ትመዘገባለች? ለምን ስልክ የለኝም ትላለች? ይህን ለመመለስ ዲግሪ ያስፈልጋል? የእንጅባራ ገበያ ላይ የቆመ ማንኛውም ሰው ይመልሰዋል። እኔም መልሼዋለሁ፤ አላወቅሁም ብል ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ተደብቃ እንደሆነ አውቄያለሁ። የተደበቀችውም ከፈንታሁን፣ ከቤቱ፣ ከሠፈሩ እንደሆነ አውቄያለሁ። አውቄ ነው ያገናኘኋቸው።

ፕሮግራሙ ሁለት መዝገብ ሲገናኝ አንደኛው ላይ ባዶ የሆነውን ከሌላኛው ይሞላዋል። የዳንግላው መዝገብ ላይ የስልክ ቦታው ባዶ ነበር፤ የእንጅባራው ሞላው። የአድራሻው ቦታ ባዶ ነበር፤ ተሞላ። እኔ ባዶ ቦታ ሳይ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን እነዚያን ቦታዎች አስባ፣ ፈርታ፣ በገዛ እጇ የዘጋቻቸው በሮች ነበሩ። እኔ ከፈትኋቸው።

ያን ዕለት ዳታቤዙ የሚጣረስ ነገር ሳይኖርበት ተገኘ። ሁሉም ቅጂ፣ በሁሉም ከተማ፣ አንድ ቃል ተናገረ። የሚያስፈራኝ ምን መሰላችሁ? የተናገረው እውነት ነው። ስህተት ሠርቼ ቢሆን፣ ሁለት የተለያዩ ሴቶችን ቀላቅዬ ቢሆን፣ ተሳስቻለሁ ብዬ አለቅስ ነበር። አልተሳሳትሁም። ብርቅነሽ አንጓች ናት። እውነት በአንድ ቁልፍ ከከተማ ከተማ ሲሄድ አየሁ፤ እንደ መጀመሪያው ቀንም ደነቀኝ። ኃላፊዎቹ መጥተው አዩ፣ እጄን ጨበጡኝ፣ ፎቶ ተነሣን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጠር አድርጌ ልናገር፣ ማስረዘሙ አይጠቅመኝም። እማማ ሞቱ። ቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛው ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከግምጃ ቤትም ከአዲስ ቅዳምም መጣ። ምራት ናትና ብርቅነሽ ከለቅሶ ቤት ንቅንቅ ማለት አትችልም፤ የዳንግላ ቀጠሮዋ አለፈ። ዳንግላ መድኃኒቱን የምትሰጣት ነርስ ሲስተር ሰብለ ትባላለች፣ ያቺን ፊደል ያረመችልኝ። ሲስተር ሰብለ በሽተኛ ከቀጠሮ ሲቀርባት እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ሰው ናት። መዝገቡን ከፈተች፤ ስልክ አለ። ደወለች። ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው መሐል፣ ያነሣው ፈንታሁን ነው።

ሲስተር ሰብለ ምንም አልተናገረችም። «ከዳንግላ ጤና ተቋም ነው፤ አንጓችን ማግኘት እችላለሁ?» አለች፣ በቃ። ባሏ መሆኑን ሲነግራት ይቅርታ ጠይቃ ዘጋች። ግን አንጓች ማን ናት? ያ ስም ስንት ዓመት ተጠርቶ አያውቅም። ዳንግላስ ምን አላት? ፈንታሁን እናቱን ቀብሮ ሣልስት ሲወጣ ዕቃዋን በረበረ። ክኒኖቹን ከእህል ማስቀመጫው ውስጥ አገኛቸው፤ ስትሄድ እንዳይንኳኩ ብልቃጡን በጥጥ ጠቅጥቃዋለች።

«ሚዜ፣ ቶሎ ድረስ» ብሎ ደወለልኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለሁ አውቄዋለሁ፤ አንድ ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።

ስደርስ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ፈንታሁን ዓይኑ ደም ለብሷል። «እናቴ ያወጡላትን ስም ጥላ በሌላ ስም ስትዞር ኖራለች። ብርቅነሽ የሚባል ሰው ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት የለም» አለ። ሽማግሌዎቹ ለመኑት፣ እኔም ለመንሁት፤ አዎ፣ እኔ! ሚዜ ነኝና አፌን ሞልቼ ስለ ትዕግሥት ተናገርሁ። ስለ ይቅርታ ተናገርሁ። አንድ ሽማግሌ «አፈር አይንካህ፣ እንዲህ ያለ ሚዜ ይስጥ» አሉኝ። እንዴት መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም?

ብርቅነሽ ከጓዳ አስጠራችኝ። አላለቀሰችም። ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገረችኝ። ልጇን ያረገዘች ጊዜ ውጤቱን ስትሰማ በእንጅባራው ጤና ተቋም ግቢ ያለው የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያፈጠጠ መሰላት፤ የባሏ ዘመዶች እዚያ ይመላለሳሉ። በማግስቱ ድንች ልሸጥ ብላ ኩርቱ ፌስታል አንጠልጥላ ሚኒባስ ተሳፈረች፣ ዳንግላ ወርዳ በአባቷ ቤት ስም ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ ሆዷ ገፍቶ ቢሆን አልቀረችም። ድንቹን በተገኘው ታራግፈዋለች፣ መድኃኒቷን ትይዛለች፣ ትመለሳለች። ልጇ ንጹሕ ሆና ተወለደች። አስቡት እስኪ! ፊደል የቆጠረችው አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ብቻዋን፣ ሰው ሳያማክራት፣ ስሟን ለሁለት ከፍላ የአንዲት ሕፃን ሕይወት በመሐሉ አሳለፈች። እኔ ስለ ማሽን ስደነቅ የኖርሁ ሰው ከዚያች ሴት ፊት ቆሜ በልቤ አማተብሁ።

«እኔው ልነግረው ነበር» አለችኝ። «ሲስተር ሰብለ እያዘጋጀችኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ይዤው ልሄድ ተስማምተን ነበር።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሚዜዬ፣ አንተ የኮምፒውተሩን ነገር ታውቃለህ። እኔ ዳንግላ ላይ ስልክ አልሰጠሁም። ማን እንደሰጠ ፈልግልኝ። አንድ ሰው ነው የሸጠኝ፤ ማን እንደሆነ ካላወቅሁ እኔ ሰው አምኜ አልኖርም።»

ፈልግልኝ አለችኝ! ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን! ኮምፒውተሩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይጽፋል፤ የእኔ ስም እዚያው ተቀምጧል። አንዲት ቃል ነበረች የሚያስፈልገኝ፤ እኔ ነኝ። አፌ ላይ ደረሰች። ዋጥኋት።

«ኮምፒውተሩ ይህን አያሳይም» አልኋት። ዋሸሁ። ቀጥሎም፣ ይህቺ ከሁሉ ትብሳለች፣ «ያው የሚያውቅሽ እዚያ የሚሠራ ሰው ነው» ብዬ ጨመርሁ። ስም አልጠራሁም። ስም መጥራት አላስፈለገኝም።

ዳንግላ ላይ ወሬው ተነዛ፤ ሲስተር ሰብለ የበሽተኛ ምስጢር ለባል ነገረች ተባለ። ምስኪን «ይህች ሴት ስልክ አልሰጠችኝም ነበር፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም» ብላ ለሁሉም ተናግራለች። ማን ይስማት? ራሷ ደውላ! ሌሎች በሽተኞች ከእሷ እጅ አንወስድም አሉ። ከዚያ ክፍል አነሷት፤ ብዙም ሳትቆይ ከተማውንም ለቃ ሄደች። ከመሄዷ በፊት እኔ ጋ ደውላ «አንተ ልጅ፣ ያ ቁጥር ከየት ሊመጣ ይችላል? ለራሴ እንኳ ልወቀው» አለችኝ። «አንዳንዴ ሲስተሙ ይቀላቅላል» አልኋት። ያንን የምወደውን፣ የማማትብለትን ነገር ሐሰተኛ አደረግሁት። እሱ በሕይወቱ ያለ ትእዛዝ አንዲት ፊደል ቀላቅሎ አያውቅም።

«ባሏስ ማወቅ አልነበረበትም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ እኔ ከእናንተ ቀድሜ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ምክንያቱም ሊያድነኝ ይችላል። ምን ያደርጋል፣ ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ፈንታሁን ጤና አላሰብሁም። ስለ እሷም አላሰብሁም። ስለዚያች የመጨረሻ መስመር ነው ያሰብሁት። ለፈንታሁን መንገር ያለባት እሷ ነበረች፣ በራሷ ቀን፣ በራሷ አፍ፣ ሲስተር ሰብለ አጠገቧ ተቀምጣ። ያንን ቀን ነው የሰረቅኋት። ስለ ፈንታሁን የምርመራ ውጤት ደግሞ አትጠይቁኝ፤ የሰው ምስጢር አንድ ጊዜ በትኜ ያየሁት ይበቃኛል።

ሴት ልጇን የፈንታሁን ዘመዶች አስቀሩባት። ዓመት በዓል ሲሆን ብቻ ነበር የምታያት። ልብሷን በፌስታል ይዛ ዳንግላ ገባች፣ አንዲት ክፍል ተከራየች፣ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። እኔ ሚዜዋ ነኝና እየሄድሁ እጠይቃታለሁ፤ ጤፍ አደርስላታለሁ። ባየኋት ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ባየኋት ቁጥር «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» ትለኛለች፣ እኔም እመለሳለሁ። ደግነቴ ራሱ ሌብነት ሆነ፤ የማይገባኝን ምስጋና በጤፍ ስገዛ ኖርሁ።

እሷ ግን፣ ወይ እሷ! ከቤት በተባረረችበት ሳምንት እንኳ መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ይህን በኋላ ዳታቤዙ ላይ አይቻለሁ፤ ሌላው ሰው በተሰበረበት ቦታ የእሷ መስመር አልተሰበረም። አጎንብሼ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሰው ከምን ተሠርቷል? እኔ በአንድ ጉብኝት ፊት ተረታሁ፤ እሷ ቤቷን፣ ስሟን፣ ልጇን አጥታ በቀጠሮዋ ቀን ወረፋ ይዛ ቆማለች። በዕድሜዬ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ፣ የዘንገናን ሐይቅ ጉም ሲለቀው አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ከጊዜ በኋላ እዚያው ወረፋ ላይ አንድ ደህና ሰው ተዋወቀች፤ ባጃጅ ይነዳል፣ እሱም ያንኑ መድኃኒት ይወስዳል። ተጋቡ። የሚደበቁት ነገር የላቸውም፤ በአንድ ሰዓት እኩል ነው የሚውጡት ብላ ነግራኝ ስቃለች፣ አፏን በነጠላዋ ሳትሸፍን። ወንድ ልጅ ወለዱ። በመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አልተገኘበትም። ደውላ ስትነግረኝ እኔ ስልኩን ይዤ ምድር ላይ ቁጭ አልሁ።

ከዚያ «ክርስትናውን አንተ ነህ የምታነሣልኝ» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አይገባኝም፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እግዚአብሔር ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። እኔ ግን «እሺ፣ ደስታውን አልችለውም» አልሁ። በአርባኛው ቀን ዳንግላ ሄድሁ። ጠዋት ነው፣ ቅዳሴው አልገባም። ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ ስለ ሕፃኑ ሰይጣንን ካድሁ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስለ ሕፃኑ አመንሁ። ጋቢዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር፤ ቄሱ የበረደኝ መስሏቸው አስተካከሉልኝ። ሕፃኑ ከውኃው ወጥቶ እጄ ላይ ሲቀመጥ ትኩስ ነበር፣ ቀላል ነበር፣ ያን ሁሉ አልፎ የመጣ አይመስልም ነበር። እያየሁት እንባዬ መጣ። እናቱ እኔን እያየች አለቀሰች፤ ከደስታ መስሏታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ባሏ ቀድሞ ባጃጁን ሊያስነሣ ሄደ። እሷ ጠጋ ብላ የሕፃኑን እራፊ እያስተካከለች በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረችኝ። «ለምን አንተን እንደመረጥሁ ታውቃለህ? ምስጢሬን ሰጥቼው ያልበተነብኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

«እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» አልኋት።

«አሜን» አለች።

ልጁ ዛሬ ይሮጣል። ስሄድ ከሩቅ አይቶኝ እየመጣ ጉልበቴን ይስማል። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትምረኝ ነገር እንዳለ አታውቅም።